«ዶክተር፣ የሚያስረሳ ኪኒን የለም?»

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ቱላ ላይ ስሠራ ደጋግሜ የምሰማውን ጥያቄ ነው። ሰዎች ወደ ካርድ ክፍል ሲመጡ ይህን ጥያቄ ይዘው አይመጡም። ይዘው የሚመጡት ራስ ምታት ነው፤ ወይ የጨጓራ ማቃጠል፤ ወይ «ልቤ ድው ድው ይላል»፤ ወይ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»። ግፊት ይለካል፣ ደም ይመረመራል፣ ውጤቱ ደህና ይሆናል። ከዚያ አንዳንዱ የመድኃኒት ወረቀቱን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ዶክተር፣ የሚያስረሳ ኪኒን የለም እንዴ?» ይላል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምሩን ነው። አጭሩ መልስ «የለም» ነው። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አእምሯችን ራሱ የማስረሻ መንገድ አለው። ችግሩ መንገዱ ሁልጊዜ እኛ ወደምንፈልገው ቦታ አለማድረሱ ነው። እስቲ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

(እዚህ የምጠቅሳቸው የታካሚ ሁኔታዎች ከብዙ ሰዎች የሚሰሙ ተመሳሳይ ነገሮች ናቸው። የአንድ የተለየ ሰው ታሪክ የለበትም።)

1. መርሳት በራሱ በሽታ ነው?

አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ምሳ ምን በላችሁ? አብዛኞቻችሁ አታስታውሱም፤ ይህም ጤነኛ አእምሮ ያላችሁ መሆኑን ያሳያል። አእምሮ ያየውን ሁሉ ቢያስቀምጥ ኖሮ የሚያስፈልገንን ከማያስፈልገን መለየት ያቅተን ነበር።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ራሱን መሞከሪያ አድርጎ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚቀርለት ለካ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል። ከአንድ ቀን በኋላ የቀረለት ሲሶ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መርሳቱ እየዘገመ ሄደ፤ ከወር በኋላም አንድ አምስተኛ ያህሉ አልጠፋበትም። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ሸምድዳችሁ ከፈተናው ማግስት ባዶ የምትሆኑት ለዚህ ነው።

አዲስ ትዝታ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ዋናው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። በጆሯችን ትይዩ፣ በግራና በቀኝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። ይህ የታወቀው አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው በተደረገለት ቀዶ ጥገና ይህን ክፍል በሁለቱም በኩል ካጣ በኋላ ነው። ሄንሪ ሞሌይሰን ይባላል። የልጅነቱን ነገር ያወራ ነበር፤ የዛሬውን ግን መያዝ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ለዓመታት ያጠኑትን ተመራማሪዎች እንደ አዲስ ሰው ይተዋወቃቸው ነበር።

2. ታዲያ ምሳው ሲረሳ መጥፎው ነገር ለምን አይረሳም?

ከሂፖካምፐስ አጠገብ አሚግዳላ የሚባል ሌላ ክፍል አለ። ሥራው አደጋን ማሽተት ነው። ስንደነግጥ እሱ ይነቃል፤ አድሬናሊን በሰውነት ውስጥ ይረጫል፤ ያቺ ቅጽበትም በደማቅ ቀለም እንደተጻፈች ትቀመጣለች። መጥፎ ዜና የሰማችሁ ቀን የት ቆማችሁ እንደነበር፣ ምን ለብሳችሁ እንደነበር ሳይቀር የምታስታውሱት ለዚህ ነው። አንጎል «ይህን አትርሳ፤ ሌላ ቀን ሕይወትህን ያተርፋል» እያለን ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ አውቀውታል፦ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» ለወጊው ተራ ቀን ነበር። ለተወጊው ግን አሚግዳላው የጮኸበት ቀን ነው።

3. «ረሳሁት» እና «አላነሳውም» ይለያያሉ

ታካሚ «ረስቼዋለሁ» ሲለኝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በእርግጥ ትዝታው ደብዝዟል ማለት ነው። ሁለተኛው ትዝታው አለ፣ ግን በመጣ ቁጥር እገፋዋለሁ ማለት ነው። በሕክምናው ዓለም ይህ ሁለተኛው አውቆ ማፈን ይባላል። እኛ አገር ስሙ «ሆድ ይፍጀው» ነው።

ማፈን በእርግጥ ይሠራል ወይ? ማይክል አንደርሰን እና ኮሊን ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎቹ ጥንድ ጥንድ ቃላት አጠኑ። ከዚያ ከጥንዱ አንዱን ቃል እያዩ ሁለተኛው ወደ አእምሯቸው እንዳይመጣ እንዲከለክሉ ተነገራቸው። ደጋግመው ሲከለክሉት ቆይተው በኋላ «አሁን አስታውሱ» ሲባሉ፣ የተከለከሉት ቃላት ከሌሎቹ የበለጠ ጠፍተውባቸው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ እነ አንደርሰን ሙከራውን አንጎልን በሚያነሳ ማሽን ውስጥ ደገሙት። ሰው ትዝታን ሲገፋ የግንባራችን ውስጠኛ ክፍል በርትቶ ሲሠራ፣ የሂፖካምፐስ ሥራ ቀነስ ሲል ታየ።

ስለዚህ አእምሮ ፍሬን አለው። ዳገት ላይ የቆመች ባጃጅ አስቡ። የሹፌሩ እግር ፍሬኑ ላይ እስካለ ትቆማለች። እግሩ ሲዝል ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች። ቀን በሥራና በሰው ተከቦ ደህና የዋለ ሰው፣ ማታ መብራት አጥፍቶ ጋደም ሲል ሁሉም ነገር የሚመጣበት ለዚህ ነው። ፍሬኑ ላይ ያለው እግር ደክሟል።

አሁን አንድ ነገር እንሞክር። ለቀጣዩ አንድ ደቂቃ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቀ ስለሚቆመው ስለዚያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ እንዳታስቡ። ስለ ሌላ ስለማንኛውም ነገር አስቡ፤ ስለሱ ግን አታስቡ።

እንዴት ነው? መጣ አይደል?

ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ በነጭ ድብ አድርጎታል። ተማሪዎቹን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ከመጣባችሁ ደወል ምቱ አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ይባስ ብሎ በኋላ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ መጀመሪያ የተከለከሉት ካልተከለከሉት የበለጠ አሰቡት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ «እንዳይመጣ» ብሎ የሚጠብቅ ዘበኛ የሚጠብቀውን ነገር መልክ በአእምሮው መያዝ አለበት።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ግን አይጋጩም። ስሜት የሌለበትን ቃል ለአጭር ጊዜ መግፋት ይቻላል። የገዛ ቁስልን፣ እንቅልፍ በሌለበት፣ ዕድሜ ልክ መግፋት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት የተረፉ ሰዎችን ያጠኑ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ውጤትም ይህን ያግዛል። ከጥቃቱ በኋላ የድንጋጤ ሕመም (ፒቲኤስዲ) ያደረባቸው ሰዎች ትዝታን የሚይዘው ፍሬናቸው ተዳክሞ ተገኘ። ሕመሙ ያላደረባቸው ግን ፍሬናቸው ደህና ነበር።

ይህ ማለት ደግሞ ያለፈውን የማያወራ ሰው ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። ትዝታው ሲመጣ የሚቀበል፣ ሲሄድ የሚሸኝ፣ ተኝቶ የሚያድር፣ ሥራውን የሚሠራ፣ ከሰው የሚስቅ ከሆነ ተዉት። አእምሮው ሥራውን እየሠራለት ነው።

4. «ሆድ ይፍጀው» ስንል ሆድ ምን ያደርጋል?

አማርኛችን ስሜትን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሰናል፣ በሆዳችን እንይዛለን፣ ሆዳችን ባር ባር ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው ታካሚም መጀመሪያ የሚያሳየኝ ሆዱን ነው።

ኤዱዋር ክላፓሬድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 የጻፈው ታሪክ አለ። አዲስ ነገር መያዝ የማትችል፣ እሱንም በየቀኑ እንደ እንግዳ የምታየው ታካሚ ነበረችው። አንድ ቀን በጣቶቹ መሃል መርፌ ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት። ከዚያ በኋላ እጁን ሲዘረጋላት አልጨብጥም አለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ መወጋቷን አታስታውስም። አእምሮዋ ረስቷል፤ እጇ ግን አልረሳም። (ዛሬ ማንም ሐኪም እንዲህ ያለ ሙከራ ታካሚ ላይ ማድረግ አይፈቀድለትም።)

በየቀኑ የማየው ይህን ይመስላል። ሰውዬው «ያ ነገር አልፏል፤ ረስቼዋለሁ» ይላል። ነገር ግን፦

• አንድ መንገድ ላለማለፍ ብሎ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል።
• ስልክ በሌሊት ሲጠራ እጁ ይንቀጠቀጣል።
• በር ድንገት ሲዘጋ ከወንበሩ ይዘላል።
• የሆነ ሽታ፣ የሆነ ዘፈን፣ የዓመቱ የሆነ ወር ሲመጣ «ምክንያቱን ባላውቀውም» ይታመማል።
• ልጆቹ ላይ ቱግ ይላል፤ ወይም ደስታም ሐዘንም አይሰማውም፤ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

ራስ ምታቱና ጨጓራው ውሸት አይደሉም። ሰውነት ለወራትና ለዓመታት «አደጋ አለ» ተብሎ ተወጥሮ ሲቆይ ጡንቻ ያማል፣ ጨጓራ ይረበሻል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ስለዚህ ላብራቶሪው «ደህና ነው» ሲል «ምንም የለብህም» ማለት እንዳልሆነ እወቁልኝ። ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

5. ትዝታ ጨርሶ ሊደበቅ ይችላል?

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1915 በጻፈው አንድ ድርሰት አእምሮ ሕመም ያለበትን ነገር ሳናውቀው ወደ ውስጥ እንደሚቀብር ተከራክሯል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በሁለቱም በኩል ማወቅ ያለብንን ልንገራችሁ።

በአንድ በኩል፦ ሊንዳ ዊሊያምስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በልጅነታቸው በወሲብ ጥቃት ምክንያት ሆስፒታል መጥተው የተመዘገቡ 129 ሴቶችን ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ አግኝታ ጠየቀቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ውጤት 38 በመቶዎቹ ያንን የተመዘገበ ጥቃት አላነሱም። አንዳንዶቹ ለማያውቁት ሰው መናገር ሳይፈልጉ ቀርተው ይሆናል፤ አንዳንዶቹ በጣም ሕፃናት ነበሩ። ሆኖም ከባድ ነገር ደርሶበት ማስታወስ የማይችል ሰው እንዳለ በሕክምና ይታወቃል። አልፎ አልፎ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሕይወቱ አንድ ክፍል ከነአካቴው የሚጠፋበት ሰው ያጋጥማል።

በሌላ በኩል፦ ኤሊዛቤት ሎፍተስ እና ዣክሊን ፒክሬል እ.ኤ.አ. በ1995 ለ24 ሰዎች ከልጅነታቸው የተወሰዱ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችንና አንድ የፈጠራ ታሪክ ሰጧቸው። ፈጠራው «ልጅ ሆነህ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል ነው። ከተደጋጋሚ ጥያቄ በኋላ ሩብ ያህሉ ያልሆነውን ነገር በከፊልም ሆነ በሙሉ «አስታወስን» አሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ማንም ሰው፣ ሐኪምም ይሁን አማካሪ ወይም ሌላ፣ «በልጅነትህ የደበቅከው ነገር አለ፤ ላውጣልህ» ብሎ ደጋግሞ ቢወተውታችሁ ተጠንቀቁ። በውትወታ ያልነበረ ትዝታ ሊፈጠር ይችላል። እንደዚሁ አንድ ሰው በራሱ ጊዜ አስታውሶ ሲናገር «እስከዛሬ የት ነበርሽ?» ብሎ ማሸማቀቅ ትልቅ በደል ነው። ዘግይቶ መናገር የውሸት ምልክት ሆኖ አያውቅም።

6. ማልቀስ ሲከለከል

አገራችን ይህን ነገር በሰፊው ያየችበት ዘመን አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥና በየክፍለ ሀገሩ ወጣቶች ተገድለው አስከሬናቸው መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ቤተሰብ ልጁን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል ይባል ነበር። ብዙ እናቶች ደግሞ ጥቁር መልበስና ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ተከለከሉ። ጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ ፈራ።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ለቅሶ ቤት ምን እንደሚደረግ አስቡት። እድርተኛው ድንኳን ይጥላል። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር «ምን ሆኖ ነው? እንዴት ሆነ?» ይላል። ሐዘንተኛዋ ትነግረዋለች። ሌላው ሲመጣ እንደገና ትነግራለች። በሰልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ እንደገና ትናገራለች። መጀመሪያ በጩኸት የተነገረው በዓመቱ በእንባ፣ ከዚያም በትካዜ፣ ሲቆይ ደግሞ «ነፍሱን ይማር፤ እሱ እኮ ሳቂታ ነበር» ተብሎ ይነገራል። ሰው ተከብቦ፣ እጁ ተይዞ፣ ደጋግሞ የሚነገር ትዝታ እየለዘበ ይሄዳል። ዛሬ የድንጋጤ ሕመም የሚታከምበት የንግግር ሕክምናም በመሠረቱ ይህንኑ በሥርዓት ያደርጋል። የቀይ ሽብር እናቶች ልጃቸውንም፣ ልጃቸውን የሚናገሩበትን ድንኳንም አጡ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከአርጀንቲና በመጡ የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች ጭምር እየታገዘ የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረው አጽም ተለየ። በ1987 ዓ.ም. ችሎት ተጀመረ፤ በሂደቱም ምስክሮች የያዙትን በአደባባይ ተናገሩ። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ጎብኚ ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ከእስሩ የተረፉ ሰዎች ነበሩበት። ለታሪክ ብቻ ብላችሁ አትዩት። ታፍኖ ለቆየ ትዝታ ዘግይቶ የተጣለ የለቅሶ ድንኳን ነው።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ተመሳሳይ ነገር አልፈዋል። ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 አካባቢ በእግር ወደ ሱዳን ሲሰደዱ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ በድብቅ ይኖሩ ስለነበር ሙታናቸውን እንኳ እንደወጉ ማልቀስ አልቻሉም። እስራኤል ገብተውም ያ ጉዞ ለዓመታት ብዙም ሳይነገር ቆየ። ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ ይዘከራሉ።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደግሞ ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በ2010 ዓ.ም. ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከዚያም ወዲህ በአገሪቱ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አብረውን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። «ረስተዋል» ብለን እናስባለን። አልጠየቅናቸውም እንጂ።

እዚህ ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ንግግር ሲጀምሩ «አፊኒ?» ይላሉ፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ከፍርድ በፊት፣ ከምክር በፊት መስማት ይቀድማል። ለሐኪምም ለጎረቤትም ጥሩ ትምህርት ነው።

7. ኪኒኑስ?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ሰዎች «የሚያስረሳ» ብለው ራሳቸው የሚወስዷቸው ነገሮች አሉ።

አልኮል፦ አረቄውም ቢራውም ፍሬኑን ለጊዜው የሚያግዝ ይመስላል። ያስተኛል፤ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልብ እየመታ ያነቃል። በማግስቱ ጭንቀቱ ይጨምራል። ለዓመታት ሲጠጣ ደግሞ እውነተኛውን የማስታወስ ችሎታ ያጠፋል። የፈለጋችሁትን መርጦ አያስረሳችሁም።

ጫት፦ ለሰዓታት ሐሳብን ያነሳሳል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይከለክላል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ደግሞ ፍሬኑ የላላ አንጎል ነው።

ዲያዚፓም እና መሰሎቹ፦ «ጎረቤቴ ሰጠችኝ» እየተባለ ይወሰዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እነዚህ መድኃኒቶች ለድንጋጤው ምልክቶችም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ እንዳይሰጡ ይመክራል። ሱስ ያስይዛሉ። ትዝታውን አያጠፉትም።

ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ግን አሉ፤ ብዙ ሰው ረድተዋል። ሥራቸው ድብርቱን ማንሳት፣ ውጥረቱን ማርገብ ነው። ትዝታው ይኖራል፤ ሲመጣ ግን አይጥላችሁም። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይጀመራሉ፤ በሐኪም ምክር ብቻ ይቆማሉ።

8. ምን ይረዳል?

✔ መጀመሪያ እንቅልፍና ውሎ። ሰዓት ጠብቆ መተኛት፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው ጋር መብላት። ቀላል ይመስላል፤ ፍሬኑን የሚያጠነክረው ግን ይኸው ነው።

✔ አንድ የምታምኑት ሰው። አሥር ሰው አያስፈልግም። የማይፈርድ፣ የማያወራባችሁ አንድ ሰው ይበቃል። የፈለጋችሁትን ያህል፣ በፈለጋችሁት ጊዜ ንገሩት። አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ ተናገሩ። በአማርኛ «ደህና ነኝ» ብሎ በሲዳምኛ የሚያለቅስ ሰው አለ።

✔ መጻፍ። ጄምስ ፔኔቤከር እና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ተማሪዎችን በቀን ለ15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀን ስላጋጠማቸው ከባድ ነገር አስጻፏቸው። በጻፉባቸው ቀናት ሆዳቸው ባሰ። የደረሰውን ከነስሜቱ የጻፉት ግን በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነበር። ለማንም አታሳዩ፤ ከፈለጋችሁ ቅደዱት። በጣም የሚረብሻችሁ ከሆነ ግን አቁሙና ባለሙያ አማክሩ። አደጋው ገና ትናንት የደረሰ ከሆነም አይመከርም።

✔ የባለሙያ ሕክምና። ለድንጋጤ ሕመም በጥናት የተረጋገጡ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ላይ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች አሉ፤ ካስፈለገ የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችኋል። አእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ እብደት አይደለም። ጥርስ ሲያም ጥርስ ሐኪም ጋ እንደሚኬደው ነው።

ለቤተሰብና ለጓደኛ፦ ሁለት ነገር አታድርጉ። «እርሳው በቃ!» አትበሉ፤ ቢችል ኖሮ ረስቶት ነበር። «ንገረኝ፣ አውጣው፣ ይቅልልህ» ብላችሁም አታስገድዱ። ከአደጋ በኋላ ሰዎችን ወዲያው ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ቁጭታ ሁሉን ማስተረክ የድንጋጤ ሕመምን እንደማይከላከል፣ አንዳንዴም ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል ብዙ ጥናቶችን የገመገሙ ባለሙያዎች ደርሰውበታል። ይልቅ ውኃ ስጡት፣ ምግብ ስጡት፣ ማረፊያ ፈልጉለት፣ «አለሁ» በሉት። ሲናገር ደግሞ አታቋርጡት።

9. መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

• ትዝታው በቅዠት ወይም ቀን በቀን በዓይን እየመጣ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ።
• ሥራ፣ ትምህርት ወይም ትዳር መምራት ካቃታችሁ፤ መጠጡ ወይም ጫቱ ከጨመረ።
• ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ። ይህ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን፣ ከሰው ጋር ሆናችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሂዱ።
• አስገድዶ መድፈር ከደረሰ። «እረሳዋለሁ» ተብሎ ቤት አይዋልም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ይህም በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። ታሪኩን ለመናገር ገና ዝግጁ ባትሆኑም ለመድኃኒቱ ኑ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። መርሳት ሁሉ ከስሜት አይመጣም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ የራስ ላይ ምት፣ የረጅም ጊዜ መጠጥ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስረሳሉ፤ ብዙዎቹ ይታከማሉ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ከጠየቁ፣ የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ገንዘብ መቁጠር ካቃታቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። አስመርምሯቸው።

እንዲህ ነው ወዳጆቼ። ትዝታን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ትዝታን የሚያለዝብ ጊዜ፣ ሰው፣ እንቅልፍና ሕክምና ግን አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሆዱ የያዘውም ሰው ቢሆን ሆዱን የሚያሳየው አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን ስታነቡ «እገሌን ይጠቅመዋል» ያላችሁት ሰው ካለ በአስተያየት መስጫው ላይ ስሙን ጠቅሳችሁ ታግ አታድርጉት። በውስጥ መስመር ላኩለት፤ ከሱም በላይ ደውሉለት። «እንዴት ነህ?» በሉትና መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት።

መልካም ጤና!